በትልቅ ዲ የጀመረው መልእክት

የአከራዬ ልጅ ያንን መልእክት የላከችው ለእኔ አልነበረም። የላከችው እኔ የምሠራበት ድርጅት ወደሚያስተዳድረው አጭር ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሰጠኋት ግን እኔ ነኝ። እናቷን ልትጠይቅ በመጣች ጊዜ የግቢው በር ላይ ቆመን፣ «የሆነ ነገር ከተሰማሽ ጻፊበት፤ ነርሷ ወዲያው ትደውልልሻለች» ብያታለሁ። ስልኳን አውጥታ መዘገበችው።

ያኔ ሱሉልታ ነበር የምኖረው። ኪራዩ ከአዲስ አበባ ገፍቶ ካወጣቸው ሰዎች አንዷ ነኝ። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ላሞች የሚያረቡ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከላሞቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር በኦሮምኛ ያወራሉ። አዴ እላቸዋለሁ፤ በኦሮምኛ የአክብሮት መጥሪያ ነው። የመጨረሻዋ ልጃቸው ከጫንጮ አልፎ ባለ ገጠር አግብታ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር፤ ወሯም ገብቷል።

ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ድርጅታችን ትንሽ ነው፤ በእነ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዙሪያ ያሉ ነፍሰ ጡሮችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በአጭር ቁጥሩ መልእክት ይልካሉ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን መልእክት ያነባል። አስጊ ቃል ካገኘበት ቀይ ያደርገውና ቡራዩ ቢሯችን የምትቀመጠው አዋላጅ ነርስ ስክሪን ላይ ከሁሉ በላይ ያወጣዋል። ካላገኘበት ነጭ ሆኖ ተራ ይይዛል። ነርሷ ለቀዩ ያኔውኑ ትደውላለች። ነጩን፣ ማለትም የክትባት ቀን የሚጠይቀውን፣ የሚያመሰግነውን፣ ቀጠሮ የሚያስለውጠውን፣ ከሰዓት በኋላ ነው የምታየው።

የዚያን ዕለት ቤት ሆኜ ነበር የምሠራው። መብራት ከማለዳው ጠፍቷል። ላፕቶፑ በባትሪ፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ በስልኬ ነው። አከራዬ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ሌላ ቀን «አካም ቡልቴ» ሳይሉ፣ መልሴንም ሳይሰሙ ወደ ሌላ ጨዋታ አይገቡም። የዚያን ቀን ሰላምታ አልነበረም።

«መሥሪያ ቤታችሁ ዛሬ ዝግ ነው እንዴ?»

«ኧረ ክፍት ነው። ምነው አዴ?»

«ልጄ ጎህ ሲቀድ ደውላልኝ ነበር። ደም አይታለች። ‹ለቁጥሩ ጽፌያለሁ፣ ነርሷ ትደውልልኛለች፣ አንቺ አትምጪ› አለችኝ። እስካሁን የደወለላት የለም። አሁን እኔ ስደውል ደግሞ አታነሳም።»

ነርሷ የምታየውን ዝርዝር እኔም መክፈት እችላለሁ። መጀመሪያ ቀዩን አየሁ፤ ባዶ ነው። ከዚያ በስልክ ቁጥሯ ፈለግኋት። ነጩ ውስጥ፣ ከምስጋናና ከቀጠሮ መሀል ተቀምጣለች፦ «Dhiigni narraa dhangala'aa jira.» ደም እየፈሰሰኝ ነው ማለት ነው። ከሥሩ፣ ቆየት ብላ የላከችው ሌላ መልእክት አለ። አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «Maaloo.» እባካችሁ።

 የነርሷን ቁጥር መታሁ።

«ቀይ ላይ ምንም የለኝም» አለች፣ ገና ነገሩን ስጀምርላት።

«ነጩ ውስጥ ነው ያለው። ከጫንጮ ማዶ ነች። ‹ዲግኒ› ብሎ ይጀምራል፣ ፈልጊው።»

በስልኩ ውስጥ የማውሱ ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፁ ቆመ።

«አገኘኋት» አለች። «ይሄ ለምን እዚህ ተቀመጠ?»

«አላወቅሁም።»

«ዝጊው። ባሏ ጋ ልደውል።»

አከራዬ ነጠላቸውን አጥብቀው ወጡ። «ተቀምጬ አልጠብቅም፣ ጫንጮ እሄዳለሁ» አሉ። ከአስፋልቱ ዳር ቆመው እጃቸውን ሲያወዛውዙ በመስኮቴ አየኋቸው። አንድ ሚኒባስ አልፏቸው ሄደ፤ ሁለተኛው ቆመላቸው።

ብቻዬን ስቀር የመጣብኝ ሐሳብ አንድ ነበር፦ እሷ እንዲህ ከተቀመጠች ሌላስ ማን ተቀምጧል? ነጩ ዝርዝር ረጅም ነው። ነርሷ ደግሞ አንዲት ናት፤ አሁንም ስልክ ላይ ነች።

ፕሮግራሙ አስጊ ቃላትን የሚለየው በአንድ መስመር ነው። ሬጌክስ እንለዋለን፤ «እንዲህ ያለ ቃል ካየህ ያዝ» ብሎ የሚያዝ አጭር ጽሑፍ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ ያንን መስመር አንድ ጊዜ ይፈታዋል፣ እኛ ኮምፓይል ማድረግ የምንለው ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው መልእክት ሁሉ ያንኑ የተፈታውን ይጠቀማል። መስመሩን ከፍቼ አየሁት። dhiig፣ ደም የሚለው ቃል፣ አለ። ታዲያ ለምን አልያዘውም? ቃሉን ከመልእክቷ ጎን አድርጌ ሳየው ገባኝ። በመስመሩ ውስጥ ያለው በትንሽ ዲ ነው የሚጀምረው፤ የእሷ በትልቅ።

እኔ በግዕዝ ፊደል ያደግሁ ነኝ። የእኛ ሀ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይም መሀል ላይም ያው ሀ ነው፤ ትልቅ ትንሽ አያውቅም። ኦሮምኛ ግን በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ለኮምፒውተር ደግሞ በትልቅ የተጀመረ ቃልና በትንሽ የተጀመረ ቃል ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። እንዳይለያቸው የምትነግረው ምልክት አለች፤ (?i) ተብላ ሬጌክሱ ውስጥ ትገባለች፤ ፍላግ እንላታለን። መጀመሪያ ላይ ከገባች መስመሩን በሙሉ ታዛለች። ከቃላቱ ጋር ቅንፍ ውስጥ ከተከተተች ደግሞ ሥልጣኗ ቅንፉ እስኪዘጋ ድረስ ብቻ ነው። በእኛ መስመር ላይ ያለችው ቅንፍ ውስጥ ነበር። በቅንፉ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ቃላት አሉ። ደምና መንቀጥቀጥ በኋላ የተጨመሩ ቃላት ስለሆኑ የተቀመጡት ከቅንፉ ውጭ፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ ነው። ሲሞከሩ የተሞከሩት በትንሽ ፊደል ስለነበረ ሁሉም ነገር ደህና መስሎ አለፈ።

አለቃዬ ጋ ደወልኩ። የሚኖረው ሰበታ ነው፤ በዚያ ሰዓት ዓለም ገና ላይ መኪና ተጣብቆ አውቶቡስ ውስጥ ነበር። የተፈጠረውን ነገርኩት።

«ፍላጓ አለች እኮ» አለ። «እኔ ራሴ ነኝ ያስገባኋት።»

«አለች። ግን ቅንፍ ውስጥ ናት። ደም የሚለው ቃል ከቅንፉ ውጭ ነው።»

 የአውቶቡሱ ሰዎች ሲያወሩ ይሰማል።

«ቅንፉን በምክንያት ነው ያደረግሁት» አለ ቆይቶ። «ምክንያቱን አሁን ማስታወስ አቃተኝ። ቢሮ እስክገባ ጠብቂኝ። ሰው እየሠራበት ያለ ነገር በጥድፊያ አይነካም።»

«ሴትየዋ ከንጋት ጀምሮ እየደማች ነው።»

«እሷን ነርሷ አግኝታታለች አላልሽኝም?»

«ሌሎቹስ?»

መልስ ሊሰጠኝ ሲል ኔትወርኩ ተቆረጠ። መልሼ ስሞክር ጥሪ አይቀበልም አለኝ።

የእሱ ጥንቃቄ ትክክል ነበር፤ እኔም በሌላ ቀን እንደሱ ነው የምለው። የዚያን ቀን ግን መጠበቅ አልቻልኩም። ፕሮግራሙን በራሴ ኮምፒውተር ላይ አስነስቼ፣ የልጅቷን መልእክት ሰጥቼ መሞከር ጀመርኩ። መስመሩን ሳልነካ የማልፍበት መንገድ ስለመሰለኝ መጀመሪያ ፍላጓን ከውጭ፣ ፍለጋው በሚካሄድበት ቦታ ላይ ጨመርኳት። ስህተት ብሎ ቆመ። አንዴ ኮምፓይል የሆነ ሬጌክስ ከውጭ በሚመጣ ፍላግ ሐሳቡን አይቀይርም፤ ትእዛዙ መሰጠት ያለበት ሳይፈታ በፊት ነው። ከዚያ መስመሩ ውስጥ ገብቼ (?i)ን መሀል ላይ፣ ከደም በፊት አስቀመጥኳት። ይሄንንም እምቢ አለ፦ መስመሩን በሙሉ የምታዝ ፍላግ ከመጀመሪያው ቦታ ውጭ አትቀመጥም። ስለቸኮልኩ የምጽፈውን ፊደል እሳሳት ነበር።

በዚህ መሀል ነርሷ ደወለች። ስልኬ ላይ ጥሪ ሲገባ ኢንተርኔቱ ይጠፋል። ሥራዬን አስቁማ፦ «ባሏን አግኝቼዋለሁ» አለችኝ። «ሰንጋ ሊያይ ሄዶ ነበር፣ እየሮጠ ወደ ቤት እየተመለሰ ነው። የወረዳው አምቡላንስ ሌላ ሰው ይዞ ወደ ፍቼ ወጥቷል። መኪና እየፈለግሁ ነው።»

«እሷስ?»

«ጎረቤት አነጋግሬያለሁ። ነፍሷን ታውቃለች፣ ትናገራለች። አሁን ዝጊ።»

ኢንተርኔቱ እስኪመለስ ስክሪኑን አፍጥጬ ጠበቅሁ። የባትሪው ምልክት ቀይ ሆኗል። ሲመለስ (?i)ን የመስመሩ ጫፍ ላይ፣ ከሁሉ ፊት አስቀመጥኳት። በእኔ ኮምፒውተር ላይ የልጅቷ መልእክት ተያዘ። ነገር ግን ይሄ የእኔ ኮምፒውተር ነው። ዋናው ፕሮግራም አሁንም ጠዋት ሲነሳ የፈታውን አሮጌ መስመር ይዞ ነው የሚሠራው፤ ካልተዘጋና እንደ አዲስ ካልተነሳ የእኔ እርማት ለእሱ የለም። አለቃዬን አንድ ጊዜ ደግሜ ሞከርኩት። አይገባም። አዲሱን መስመር ጭኜ፣ ፕሮግራሙን ዘግቼ አስነሳሁትና ያልታዩትን መልእክቶች ሁሉ ከመጀመሪያ እንዲያነብ አዘዝኩት።

ብዙ አልቆየም። ስልኬ ጮኸ፤ ነርሷ ናት።

«ምን አደረግሽ? ሁሉም ነገር ቀላብኝ።»

«ሁሉም ማለት?»

«የሚያመሰግነውም፣ ክትባት የሚጠይቀውም፣ ሁሉም። አንዷን ከአንዷ መለየት አልቻልኩም። ጠዋት የነበረው ይሻለኝ ነበር።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ይሄ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። «መኪና አግኝቼላታለሁ፤ ወተት የሚሰበስብ ፒክአፕ ነው። ሹፌሩ ጋ ልመለስ ነው። እስከዚያ አንድ ነገር አድርጊ።»

ዝርዝሩን ከፈትኩት። እንዳለችው ከላይ እስከታች ቀይ ነው። «Galatoomaa» የሚል ምስጋና ቀይ ነው። «Nagaa dha» ብላ ደህንነቷን የተናገረችም ቀይ ናት። ምን እንዳስቀላቸው ሊታየኝ አልቻለም። መስመሩን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ከደነገጠ ሰው ዓይን ምንም አይገባም። ወደ አሮጌው ልመልሰው አሰብኩ። ከመለስኩት የተደበቁት ተመልሰው ይደበቃሉ። ካልመለስኩት ነርሷ የትኛውን ትመርጣለች? ጣቴ ቁልፉ ላይ እንዳለ አለቃዬ ደወለ።

«አስታወስኩት» አለ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት። «ትልቁ ኤ። የኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ዓይናቸው ያየውን አስቸኳይ ነገር ሲልኩ መልእክታቸውን በትልቅ ኤ እንዲጨርሱ አሠልጥነናቸዋል። ለዚያ ነው ፍላጓን ቅንፍ ውስጥ የከተትኳት። ትልቁ ኤ ትልቅ ሆኖ እንዲቀር።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ኦሮምኛ ዓረፍተ ነገር ስንቱ ነው በትንሿ ኤ፣ በ a፣ የሚያልቀው። እኔ ትልቅና ትንሽ አትለይ ስለው በኤ ያለቀውን ሁሉ አስቸኳይ ብሎ ያዘ።

«ሳልጠብቅህ ቀይሬ አስነስቼዋለሁ» አልኩት። ከዚያ ደግሞ «ሁሉም ቀልቷል» ብዬ ጨመርኩ።

አልተቆጣም። ቀስ ብሎ፣ ለራሱም የሚያስብ በሚመስል ድምፅ፣ «ፊት ያስቀመጥሻትን አትንኪያት» አለኝ። «ኤውን ብቻ ለብቻው ቅንፍ ውስጥ አስገቢና እዚያ ውስጥ ፍላጓን አጥፊያት። ከአይ በፊት የመቀነስ ምልክት።»

(?-i:A) ብዬ ጻፍኩ። መስመሩ በሙሉ ትልቅና ትንሽ አይለይም፤ በዚያች ቅንፍ ውስጥ ግን ይለያል። ስልኩን ዘጋሁት፤ ኢንተርኔቱ እስኪመለስ ጠበቅሁ፤ በራሴ ኮምፒውተር ላይ የልጅቷን መልእክት፣ ምስጋናውን፣ በትልቅ ኤ ያለቀ የሠራተኛ መልእክት፣ ሦስቱንም ሞከርኳቸው። እንደሚገባው ለያቸው። ዋናውን ጭኜ አስነሳሁት። ቀዩ ዝርዝር ከላይ ጀምሮ እየነጣ ሄደ። በመጨረሻ ጥቂት መልእክቶች ብቻ ቀይ ሆነው ቀሩ። ሁሉም በትልቅ ዲ የሚጀምሩ ነበሩ። አንደኛው ከጎኑ ያለው ቀን የትናንት ነው፤ የገባው ነርሷ የትናንቱን ነጭ አይታ ከጨረሰች በኋላ ነው። የመጣው ከተፍኪ አካባቢ ነው።

ላፕቶፑ የጠፋው ያንን እያየሁ ሳለ ነው። ለነርሷ ደውዬ ነገርኳት። እሷም አይታዋለች፤ ደውላለች፣ የሚያነሳ ግን የለም። ለአለቃዬ ስነግረው ከአውቶቡሱ መውረዱን ነው የሰማሁት። ዓለም ገና ላይ ነበር፤ ተፍኪ ደግሞ በመጣበት መንገድ፣ ከሰበታ አልፎ ነው። «እኔ እሄዳለሁ» አለ።

ከዚያ በኋላ ለእኔ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ግቢው ውስጥ ወጥቼ ቆምኩ። ከሰዓት በኋላ አከራዬ ደወሉ። የወተቱ ፒክአፕ ልጃቸውን ጤና ጣቢያ አድርሷል፤ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ልኳት፣ እዚያ በቀዶ ጥገና ወልዳለች። ደም ሰጥተዋታል። ልጁ ወንድ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ሙቀት ክፍል ውስጥ ተኝቷል። ይሄን ሁሉ የነገሩኝ በአንድ ትንፋሽ ነበር። «ጋላቶሚ» አሉኝ መጨረሻ ላይ፤ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። 

አለቃዬ የደወለው ምሽት አካባቢ ነው። የተፍኪዋ ሴት አልሞተችም። ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከእኛ ሳይሆን ከመንደር ሰው ሰምታ በእግሯ ደርሳላታለች። ሕፃኑ ግን ሞቶ ነው የተወለደው። ስልክ ያላነሱት ሐዘን ላይ ስለነበሩ ነው።

«ምን አልካቸው?» አልኩት።

«መልእክታችሁ ደርሶን ነበር፣ ሳናየው ቀረን አልኳቸው።»

«እነሱስ?»

«የባሏ እናት ውሃ ሰጡኝ። ‹ሥራ በዝቶባችሁ ነው ብለን ነበር› አሉ።»  አለቃዬ ብዙ የሚያወራ ሰው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላም ያወራል፤ ስለዚያች ቤት ግን ሁለተኛ ሲናገር አልሰማሁትም።

በማግስቱ ሦስታችንም ቡራዩ ቢሮ ተገናኘን። ደምንና መንቀጥቀጥን የጨመረው አሁን ከእኛ ጋር የሌለ ሰው ነው፤ የቅንፉን ምክንያት ማንም አልነገረውም፣ መስመሩ አጠገብም አልተጻፈም። ስለ እሱ ብዙ አላወራንም። ነርሷ እውነተኛ መልእክቶችን፣ ሰዎች እንደጻፏቸው፣ በትልቅም በትንሽም፣ በተሳሳተ ፊደልም፣ እያነበበች ሰጠችን፤ እኛ እየሞከርን ዋልን። ስንጨርስ ነርሷ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ነጩንም ጠዋት አየዋለሁ» አለች። ጊዜ እንደሌላት እናውቃለን። ማንም አልተቃወማትም።

አከራዬ ከሆስፒታል ሲመለሱ ልጃቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ እዚያው ሱሉልታ ልትታረስ። አንድ ቀን እኔ ሕፃኑን ታቅፌ፣ እናቱ ተኝታ ሳለ፣ የፈራሁትን ጥያቄ አከራዬ ጠየቁኝ።

«እስቲ ንገሪኝ። የሷን መልእክት ያላዩት ለምንድን ነው?»

በቻልኩት መጠን ነገርኳቸው። ቃሉ በትልቅ ፊደል ስለጀመረ ነው አልኳቸው።

«በትንሹ ብትጽፈው ኖሮ ይደውሉላት ነበር?»

«አዎ፣ አዴ።»

«አልተማረችም እንዳይባል፣ ልጄ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምራለች። ዓረፍተ ነገር በትልቅ ፊደል ይጀምራል ተብላ ነው የተማረችው።»

«ትክክል ነው የጻፈችው። ጥፋቱ የእኛ ነው።»

አከራዬ ሕፃኑን ከእጄ ተቀበሉኝ። ቂም የያዙ አይመስሉም፤ ግን ለጊዜው አላዩኝም። የሕፃኑን ኮፍያ አስተካከሉ፣ ጆሮውን ሸፈኑለት።

«ላሟ አልታለበችም» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ትንሽ ከእሷ ጋር ሁኚ። ስትነቃ ውሃ ትፈልጋለች።» ሕፃኑን መልሰው ሰጡኝና ባልዲያቸውን አንሥተው ወጡ።